የበር ላይ ጥያቄ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል ጽዳት ብዙ ተጽፎ አንብበናል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ቤት ኪራይ ነው። «የቤት ኪራይ ከመምህርነት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሲመረቅ የት ወረዳ እንደሚመደብና መጀመሪያ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ጥቂት አስቦ ይመለስልን።

«እኛ» ስንል አንዳንዴ አጋርፋ ያለነውን የእናታችንን ሦስት ልጆች ማለታችን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሮቤ ላይ አንዲት ክፍል የምንጋራውን ሦስት ሠልጣኞች። የትኛው እንደሆነ አንባቢ ከነገሩ ይለየዋል።

አጋርፋን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከሮቤ በስተ ሰሜን ምዕራብ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ያለች የወረዳ ከተማ ናት። ብርዷ አጥንት ይገባል። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሲሆን፣ ከግቢያችን ጀርባ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ወለላቸው ሊሾ ነው። አባታችን እህል በደኅና ዋጋ በሸጠ ዓመት አንዱን፣ በሌላ ዓመት ሁለቱን ሠራና ዐረፈ። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቆጣሪው አንድ። ደብተርና ጫማ የገዛልን ከእነዚህ ክፍሎች የሚገኘው ገንዘብ ነው። አንዱ ክፍል ባዶውን ሲከርም እኛ ቤት ወጡ ይቀጥናል። «አከራይ» ሲባል ሰው ሁሉ ፎቅ ያለው ባለጸጋ ይመስለዋል፤ ኧረ ባካችሁ!

ቤት ፈላጊው ዓይነቱ ብዙ ነው። መስከረም ሲጠባ አዲስ የተመደቡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ይመጣሉ። የግብርና ኮሌጁ ሠራተኞችም አሉ። በባሌ ደጋ እንደሚታወቀው እህል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በቦና፣ ይመረታልና አጨዳ ሲደርስ የኮምባይነር ሾፌሮች ከነረዳቶቻቸው ይገባሉ፤ የእህል ነጋዴዎችም ይከተሏቸዋል። የኮምባይነር ሰው በዋጋ አይከራከርም፤ የተጠየቀውን ይከፍላል። ነገር ግን በወር በወር ተኩል ውልቅ ነው፤ ዘይት የጠጣ ቱታውን ያጠበበት ቧንቧም ሳምንት ሙሉ ናፍታ ናፍታ ይላል። መምህር ደግሞ ደሞዙ ቢዘገይም ዓመቱን ሙሉ አለ። (ይህን ስንጽፍ ለራሳችን እያዳላን አይደለም፤ የእናታችን ቃል ነው።)

እናታችን ቤት ፈላጊ ሲመጣ ቶሎ ብላ ክፍሉን አታሳይም። «ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ» ትልና ቡና ካለ ቡና፣ ከሌለ ውሃ ታቀርባለች። ጥያቄዋም ጥያቄ አይመስልም። መንገድ እንዴት ነበር? እናት አባት አሉ? ደሞዝ በስንት ቀን ይገባል? አሁን ያለህበት ቤት ምን ጎደለው? ዋናዋ ይህች የመጨረሻዋ ናት። የኖረባቸውን አከራዮች ሁሉ እየተራገመ የሚያወራውን ሰው እሺም እምቢም ሳትለው ትሸኘውና፣ «ነገ ደግሞ የኛ ተራ ነው» ትላለች።

የእኛ የልጆቹ ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ በአሮጌ ደብተር ላይ የሰውየውን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና የመጣበትን ቀን መጻፍ። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ ቀድሞ የኖረበት ግቢ ድረስ ሮጦ መጠየቅ። በዚህም ላይ መመሪያ ነበራት። «አሁን ያለበትን ቤት ባለቤት አትጠይቁ፤ ሊገላገለው የፈለገ ሰው ያሞግስላችኋል። ከዚያ በፊት የነበረበትን ፈልጉ።» እኛ እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ የማጣራት ዘዴ አላየንም።

ጎባ ያለችው አያታችን ይህን ሁሉ ጥያቄ ስትሰማ ትስቃለች። ጎባ የባሌ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን አያቶቻችን ከሚኖሩበት ሌላ አንድ የሚያከራዩት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ያ ቤት ሄደ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ሆነ፤ የግል ማከራየት ቀረ፤ ኪራዩም ተቀንሶ እስከ 100 ብር ያለውን ቀበሌ ይሰበስብ ጀመር። «ያኔ ተከራይ የሚመርጠው ቀበሌ ነበር» ትላለች አያታችን፤ «በኔ ቤት ማን እንደገባ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።» የገባው ሰው ሃያ ዓመት ኖረበት፤ ልጆቹን ድሮበታል። አያታችን ስለ ቤቱ ዛሬም ይቆጫታል፤ ለሰውየው ልጆች ሠርግ ግን እንጀራ ስትጋግር ማደሯን አትክድም። «ባይወሰድብሽ ኖሮ ይህ ቤተሰብ የት ይገባ ነበር?» ብለን ብንጠይቃት፣ «እሱንማ ምን አውቄ» ብላ ጋቢዋን አጣፋች።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው መጣ። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ሲናገር ማር ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ዞን እንዳዛወረው ነገረን። ሳንጠይቀው የሁለት ወር ቅድሚያ ቆጥሮ ሰጠን። ትንሹን ወንድማችንን «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ እስክሪብቶ ሸለመው። እናታችን ቀድሞ የት እንደኖረ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ እኛ ግን «እንዴ እማዬ! እንዲህ ያለ ሰው ይጠየቃል?» ብለን አፏን አስያዝናት። እሷም አፈረችና ተወችው። ሁለቱ ወር አለቀ። በሦስተኛው ደሞዝ አልወጣም አለ፤ በአራተኛው እናቱ ታመመች፤ በአምስተኛው ለቆጣሪ ካርድ መሙያ ብሎ ከእናታችን ተበደረ። ስድስተኛው ወር ሊገባ ሲል አንድ ሌሊት ውሻችን ጥቂት ጮኾ ዝም አለ። ሲነጋ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ የለም፤ ሰውየውም የለም። ቁልፍ ሠሪ አስመጥተን ብንከፍተው ያገኘነው ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ብቻ ነው። የሠራበት የተባለው መሥሪያ ቤት ሄደን ብንጠይቅ እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም አሉን። በደብተራችን የተጻፈው የመታወቂያ ቁጥር የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ እኛ ልጆቹ ደነደንን። እናታችን ሳትሆን እኛ። ተያዥ ያለው፣ የመታወቂያ ቅጂ ያለው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለው ካልሆነ አይገባም ብለን ወሰንን። ዘበኛ ሆንን ማለት ይቻላል። አንድ ቀን እንኳ አንድ የእንስሳት ሐኪም «እኔ የመጣሁት ላም ላክም ነው ወይስ ላገባት?» ብሎ ተቆጥቶ ሄደብን።

አሁን የምንጽፈውን እስካሁን ለማንም አልተናገርንም። ጊዜው ከሦስት ዓመት በፊት ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። እናታችን ገበያ ሄዳለች። በሩ ተንኳኳና ብንከፍት አንዲት ሴት ቆማለች፤ ልጅ አዝላለች፤ በአንድ እጇ ምጣድ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ልጁን በላስቲክ ሸፍናዋለች፤ እሷ ግን ርሳለች። «የሚከራይ ቤት አለ ብለውኝ ነበር» አለች። ባለቤትሽስ አልናት፤ የለም አለች። ተያዥ አልናት፤ ለከተማው እንግዳ ነኝ አለች። ምን ትሠሪያለሽ አልናት፤ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ አለች፤ ምጣዱንም እንደ ምስክር ትንሽ ከፍ አደረገችው። እኛ በልባችን ቶሎ ቶሎ ደመርን፦ ልጁ ያለቅሳል፣ ምጣዱ መብራት ይበላል፣ ጢሱ ቆርቆሮውን ያጠቁራል፣ ባል የሌላት ሴት ስትገባ ጎረቤቱ ደግሞ ሌላ ሌላ ያወራል። የመጨረሻውን ማን እንዳሰበው ዛሬ ሦስታችንም አናውቅም፤ ሁላችንም ግን አስበነዋል።

«ቤቱ ተይዟል» አልናት።

ክፍሉ ባዶ ነበር። በሩ እንኳ ገርበብ ብሎ ባዶነቱ ከቆመችበት ይታይ ነበር። አየችው፤ እኛንም አየችን፤ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በዝናቡ ውስጥ ተመለሰች። ግቢ ግቢና ልጁ እስኪሞቀው ተቀመጪ እንኳ አላልናትም። እናታችን ከገበያ ስትመለስ «የመጣ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች፤ «የለም» አልን። ክፍሉም እስከ መስከረም መጨረሻ ጾሙን አደረ።

ሴትየዋ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያለ ግቢ ውስጥ ተከራየች። አከራዩ እንደሚለው ኪራዩ ከቀኑ አንድ ቀን አላለፈም። ዛሬ የሠፈሩ ግማሽ እንጀራውን ከእሷ ይወስዳል፤ እናታችንም ወገቧን ካመማት ወዲህ ከእሷ ነው የምታስመጣው። ልጁ አፀደ ሕፃናት ገብቷል። ከእሷ ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ በትሕትና ሰላም ትለናለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናታችን ሳትኖር፣ ሳቅ ብላ «ቤቱ እስካሁን ተይዟል?» አለችን። ሰድባን ቢሆን ይሻለን ነበር።

ባለፈው መስከረም ደግሞ የበሩ ሌላኛው ወገን ደረሰን። ሦስት ሆነን ሮቤ ላይ ቤት ፍለጋ ወጣን። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው፤ ደላላውም የደላላ ዋጋውን ቤቱን ሳያሳይ ይጠይቃል። አራት ቀን ዞርን። ስንት ናችሁ? ሦስት ከሆናችሁ ውሃው አይበቃም። ከየት ናችሁ? የማን ልጆች ናችሁ? ሃይማኖታችሁስ? እንግዳ ይመጣባችኋል? ልብስ በሳምንት ስንቴ ታጥባላችሁ? ማታ መብራት በስንት ሰዓት ታጠፋላችሁ? (ሠልጣኝ ሌሊት ማጥናቱ ወንጀል መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።) አንዳንዱ በር ደግሞ ከናካቴው ሳይከፈት ከውስጥ «ለተማሪ አናከራይም!» ይባላል። አንድ ግቢ ውስጥ «ቤቱ ተይዟል» የሚል መልስ አገኘን፤ ሦስታችንም በክፍት መስኮት ባዶውን ወለል እያየን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ፊቱ ቀላ፤ ሁለቱ ጓደኞቹ የተናደደ መስሏቸው አጽናኑት።

አንዲት እናት የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቁን። እኛም ያነበብነውን ለማሳየት ቸኮልንና በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስና በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል ብለን አስረዳን። በእርግጥ አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልል ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች የሚሠራበት ነው፤ እሱን ግን በዚያች ሰዓት ዋጥ አደረግነው። ሴትዮዋ በጥሞና አዳመጡንና፣ «ጎሽ ልጆቼ፤ እንግዲያው አዋጁ ውስጥ ግቡና እደሩበት» ብለው በሩን ዘጉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እናታችንም በዚያ ቦታ ብትሆን ያንኑ ትል ነበር። በአምስት ወሩ ሰውዬ የተነከሰ አከራይ አዋጅ ሲነበብለት የሚታየው ያ የተቆለፈ በር ነው።

በአምስተኛው ቀን ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ሾፌር አገኘን። «ቀድሞ የት ተከራይታችሁ ነበር?» አሉን። ተከራይተን አናውቅም አልናቸው፤ ከእኛ አንዱም «እንደውም አባባ፣ እኛ ቤት አከራዮች ነን» አለ። ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ። «በል የእናትህን ስልክ ስጠኝ» አሉ። ሁለቱ አከራዮች ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። የካርዱ ሒሳብ ሲያልቅ መልሳ ደወለችላቸው። ስለ እኛ የተነገረው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ሽንት ቤት ማስመጠጫ ዋጋና ሌሊት ስለሚጠፉ ሰዎች ነበር። «እናትህ ጨዋ ናት» አሉና የአንድ ወር ቅድሚያ ብቻ ተቀብለው ቁልፉን ሰጡን። ውሉን ራሳችን ጻፍነው፤ እሳቸው ፈረሙ። እስካሁን ያለነው እዚያው ነው።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አጋርፋ ገባን። መካከለኛው ክፍል ተለቆ ነበርና አንዲት አዲስ የተመደበች ነርስ መጣች። እናታችን ቡናውን እያፈላች «ደብተሩን አምጡ» አለች። አመጣን። ባዶ ገጽ ለመፈለግ ወደ ኋላ ስታገላብጥ በእኛ እጅ ጽሑፍ፣ በሐምሌ ቀን፣ «አንዲት ሴት ከልጅ ጋር። አይሆንም።» የሚል መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። ይህን መጻፋችንን ረስተነው ነበር። «ይቺ ማናት?» አለች። ነርሷ ፊት መልስ አልሰጠናትም። ነርሷ ክፍሉን አይታ፣ ተስማምታ ከሄደች በኋላ ግን ዝናቡንም፣ ምጣዱንም፣ ገርበብ ያለውንም በር ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ሲኒዎቹን አጠበች፤ ረከቦቱን አነሣች። ከዚያ ከመቀነቷ ብር ፈትታ ሰጠችንና፣

«ሂዱ፣ እንጀራ አምጡ። ሕፃን ልጅ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ» አለች።

ሦስታችንም ሄድን። ሴትየዋ ምጣዱ ላይ ነበረች፤ እጇን በመሐረብ ጠርጋ ቀና አለችና እኛን ስታይ ወንበር አቀረበች። «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለች። ገብተን ተቀመጥን። ልጁ ደብተሩን አምጥቶ የጻፈውን «ሀ» አሳየን።