ያልሰማሁት ክፍለ ጊዜ

አንቀጽ 587፣ ንዑስ አንቀጽ 3። ዛሬ በእኩለ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እላታለሁ፦ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ቢያገባት እንኳ ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም። ይህችን አንዲት ነገር በጊዜዋ ባውቃት ኖሮ!

ፖሊስ ኮሌጅ የገባሁት አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ በዋለ ማግስት ነው። ሕጉ የጸናው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር፤ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተክቶ። መርማሪ እሆናለሁ ብሎ ለሚማር ወጣት ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ነባሮቹ መርማሪዎች የለመዱትን ሕግ ለመርሳት ሲቸገሩ፣ እኛ አዲሱን ትኩሱን እንቀበል ነበር። ያስተማሩን ኮማንደር ዕድሜያቸውን በምርመራ ክፍል የጨረሱ ሰው ናቸው። ጠለፋ ላይ ሲደርሱ ሳምንት ሙሉ ቆሙበት። በአሮጌው ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቀር እንደነበር፣ ያ "ፈቃድ" የሚባለውም ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተለምኖ፣ ልጅቷ "ከእንግዲህ ማን ያገባሻል" እየተባለች እንዴት እንደሚገኝ አስረዱ። አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ የገደለችውን፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራሷን በመከላከል ነጻ የወጣችውን የአበራሽ በቀለን ጉዳይም አንስተው ነበር አሉ። "አሉ" የምለው እኔ ክፍል ውስጥ ስላልነበርኩ ነው። ኳስ ላይ ነበርኩ። የነበርኩባቸውን ቀኖችም የኋላ ወንበር ላይ አንቀላፍቻቸዋለሁ።

የዓምናው ፈተና ኮፒ ተደርጎ ከዶርም ዶርም ይዞር ነበር። አንድ ሌሊት ሸመደድኩትና "ቢ" አመጣሁ። ያ "ቢ" እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ወድቄ ቢሆን ኖሮ ደግሜ እማረው ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ማታ ኮማንደሩ ግቢ ውስጥ አስቆሙኝና፣ "አንተ ልጅ ጭንቅላት አለህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬ ና። ቃል አቀባበል ከሞጁል አይለመድም፣ እኔ የሠራኋቸውን ጉዳዮች አንድ በአንድ እነግርሃለሁ" አሉኝ። "እሺ ኮማንደር" አልኩ። አልሄድኩም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። እንዲህ ያለ ሰው፣ ያን የሚያህል ልምድ፣ በነጻ! ምን ነክቶኝ ነበር?

የመጀመሪያ ምድቤ አንዲት የገጠር ወረዳ ናት። ገና ዓመት ሳይሞላኝ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ጣቢያ መጡ። ልጅቷ ከተጠለፈችበት ቤት በሦስተኛው ሌሊት ያመለጠች ናት፤ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ወዲያው ሽማግሌዎች ተከትለው ገቡ። "ደም ሳይቃቡ እንጨርሰው፤ ልጁ ሊያገባት ፈቃደኛ ነው" አሉ። እናትየው ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ አንድ በለኝ" አሉኝ።

ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ ለሌሎች አስተምረዋለሁ። ልጅቷን ከሁሉም ለይቶ ማስቀመጥ። ሴት ፖሊስ መጥራት። ሰውነቷን ሳትታጠብ ለሐኪም ማስረጃ ጤና ጣቢያ መላክ፣ የለበሰችውን ልብስ መያዝ። ቃሏን በራሷ አነጋገር መጻፍ፣ አንብቦላት ማስፈረም። ጠላፊውን ይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ። የሚጠብቀው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር፤ የደፈራት እንደሆነም በዚያው ተጨምሮ ይጠየቃል።

እኔ ግን፣ "እናቴ፣ ካገባትማ በእርቅ ቢያልቅ ይሻላል" አልኳቸው። ሕጉ እንደዚያ የሚል መስሎኝ! ከድሮ ፖሊሶች የሰማሁትን ይዤ፣ የተሻረ ሕግ አስፈጸምኩባት። መዝገቡ ላይ "በሽምግልና አልቋል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ በአንድ ስልጠና ላይ ዐቃቤ ሕጉ አንቀጽ 587ን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ጆሮዬ ጭው አለ። በማግስቱ ጉዳዩን እንክፈት ብዬ እናትየው ቤት ሄድኩ። በር ላይ እንደቆሙ፣ "አርግዛለች። አሁን የልጇን አባት አስረህ ለማን ልትጥላት ነው?" አሉኝና ገቡ።

ኮማንደሩ ጡረታ ወጥተዋል። ልደውልላቸው ስልክ አንስቼ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አላውቅም። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ እናትየውን ጠይቄያለሁ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አድምጫለሁ፤ ወንበርም አስመጥቼላቸዋለሁ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አንድ ጊዜ አፏን ከፈት አድርጋ ወደ እኔ ስታይ፣ እኔ መዝገቡን እየጻፍኩ ነበር። ድምጿን እስከ ዛሬ አላውቀውም።