የአባት ወንበር

ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ርስት ብዙ ዓይነት ነው። መሬት የሚወርስ አለ፤ ስም የሚወርስ አለ፤ ዕዳም የሚወርስ አይጠፋም። የወራሹን ጠባይ አጥርቶ የሚያሳየው ግን ከሁሉ ይልቅ የተሰበረ ዕቃ ነው። ደኅናውን ዕቃ ማንም ተቀብሎ ይገለገልበታል፤ የተሰበረውን ግን ወይ ይጥለዋል፥ ወይ ከጓዳ ያኖረዋል፥ ወይ ይጠግነዋል። ከሦስቱም አንዱን በመረጠ ጊዜ ስለ አባቱ በልቡ ያለውን ነገር አፉን ሳይከፍት ይናገራል።

ከቤት ዕቃ ሁሉ ደግሞ ወንበር የተለየ ነው። ድስቱና እንስራው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ያገለግላሉ፤ ወንበር ግን ውሎ ሲያድር የአንድ ሰው ቦታ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሳይኖር እንኳ ሌላው ሰው ዐይቶት ያልፋል እንጂ አይቀመጥበትም። ቃሉም ይህን ይመሰክራል። ወንበር የሚለው አማርኛ ከግእዙ መንበር የመጣ ነው፤ መንበርም ነበረ ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ትርጓሜውም ተቀመጠ፥ ኖረ ማለት ነው። ስለዚህ መምህር ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ማስተማር ሲጀምር ወንበር ዘረጋ ይባላል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና ከዘመቻው በኋላ መንበር መትከሉን በድንጋይ አስጽፏል። በ6ኛው መቶ ዓመትም ኮስማስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ የእብነ በረድ መንበር አይቶ በላዩ የነበረውን ጽሕፈት ገልብጧል። ዛሬ ያ መንበር የለም፤ በአክሱምም የቀሩት የድንጋይ መናብርት መሠረቶቻቸው ናቸው እንጂ ላያቸው ጠፍቷል። ድንጋይ እንኳ ጠባቂ ካላገኘ የሚፈርስ ከሆነ፥ እንጨትና ቆዳማ እንዴት ይሆናል!

በደብረ ማርቆስ ከተማ ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ሲያስተምሩ የሚቀመጡበት የጠፍር ወንበር ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ነው፤ አራት እግር፥ መደገፊያና ሁለት የክንድ ማሳረፊያ አለው፤ መቀመጫው በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠለፈ ነው። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ሲነግራቸው መሪጌታው ዐይናቸውን ጨፍነው፥ እጃቸውን በክንዱ ማሳረፊያ ላይ አኑረው ያዳምጡ ነበር፤ ቤቱ የጎደለ ወይም ምሥጢሩ የተፋለሰ እንደ ሆነ በጣታቸው እንጨቱን መታ ያደርጋሉ። ጣታቸው የሚያርፍበት ስፍራ ከብዛት የተነሣ ጎድጉዶ እንደ መስተዋት ያበራል።

መሪጌታው ስድስት ዓመት በአልጋ ላይ ታመው ዐረፉ። በአርባቸው ዕለት ተዝካራቸው ሲወጣ ሽማግሌዎቹ የበኵር ልጃቸውን፥ «በአባትህ ቦታ ተቀመጥ» አሉት። ይህ ልጅ በወጣትነቱ የቅኔውን ትምህርት ትቶ ወደ ንግድ የሄደ፥ ኑሮውንም በአዲስ አበባ ያደረገ ነው። እያፈረ ሄዶ ተቀመጠ። ወዲያው የፊተኛው ግራ እግር ተሰበረና ልጁ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ወደቀ። ያነሡት ሰዎች አቧራውን አራገፉለት፤ ከወደ በሩ ግን አንድ ድምፅ፥ «ወንበሩ አልተቀበለውም» ሲል ተሰማ።

የሰው አፍ ክፉ ነው። ይህች ቃል ከዚያ ቤት ወጥታ በከተማው ዞረች። ልጁም በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ያህሉ መንገድ ባሕር ሆነበት። ለእናቱ ገንዘብ ይልካል፤ ራሱ ግን አይመጣም። እኅቱ ወንበሩን ስለ ማስጠገን ባነሣችበት ጊዜ፥ «ተይው፤ ይቃጠል፤ ለእማሆይ አዲስ እገዛላቸዋለሁ» አላት። እንዳለውም ዘመናዊ ወንበር ገዝቶ ላከ። እናቲቱ ግን ከባላቸው ሞት በኋላ የመነኰሱ አሮጊት ናቸው፤ አዲሱን ወንበር ለእንግዳ ብለው ከጥግ አኖሩት፤ እርሳቸው በመደብ ላይ ይቀመጣሉ። መደቡ ዝቅተኛ ስለ ሆነ በተነሡ ቍጥር ጕልበታቸውን ያማቸዋል።

እኅቲቱ በዚያው በደብረ ማርቆስ የምታስተምር፥ ከእናቷ ጋር የምትኖር ናት። ወንድሟ ቢከለክላትም ወንበሩን አንድ ወጣት አናጢ ዘንድ ወሰደችው። እርሱም ሥራ በዝቶበት ስለ ነበር በስብራቱ ላይ ነጩን ቪናቪል አፈሰሰበት፤ አራት ምስማርም መታበት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ሰጣት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ ክረምቱን ቆሞ ከረመና ጥር ሲገባ፥ ማንም ሳይቀመጥበት፥ እግሩን የሚይዘው አግዳሚ በምስማሩ በኩል ተሰነጠቀ።

የዚህ ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። እንጨት ከተቈረጠ ብዙ ዘመን ቢያልፍም እስትንፋስ ያለው ያህል ነው፤ በክረምት እርጥበቱን ጠጥቶ ይሰፋል፤ በበጋ ደርቆ ይጠባል። መስፋቱና መጥበቡም በጐኑ ነው እንጂ በቁመቱ እምብዛም አይደለም። ምስማር ግን ክረምትና በጋን አያውቅም፤ እንጨቱ ሲጠብ እርሱ በቦታው ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሚሸነፈው እንጨቱ ነው። ውሎ አድሮም ምስማሩ ይዝጋል፥ ዝገቱም በዙሪያው ያለውን እንጨት ይበላል። ቪናቪልም ቢሆን በንጹሕ እንጨት ላይ ብርቱ ነው፤ በአሮጌ እድፍና በቅባት ላይ ሲፈስ ግን የሚይዘው እድፉን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ልጂቱ አንድ ሸምገል ያሉ አናጢ ዘንድ ሄደች። እኚህ ሰው መሣሪያ ከማንሣታቸው በፊት ወንበሩን በደልዳላ ስፍራ አቆሙት፤ በአራቱም ማዕዘን በእጃቸው እየተጫኑ አዩት፤ ኋላም እጃቸውን ከመቀመጫው ሥር አስገብተው ጠፍሩን ዳሰሱ።

«ልጄ፥ ይህ ጠፍር ከተወጠረ ስንት ዓመት ሆነው?» ሲሉ ጠየቋት።

እርሷ አላወቀችም፤ እናቷን ጠይቃ ተመለሰች። መሪጌታው በጤናቸው ሳሉ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ጠፍሩን ራሳቸው አርጥበው ይወጥሩት ነበር፤ በታመሙባቸው በስድስቱ ዓመታት ግን ማንም አልነካውም።

ሽማግሌውም እንዲህ አሉ፤ «የጠፍር ወንበር በችንካር ብቻ አይቆምም፤ ጠፍሩ አራቱን አግዳሚ ወደ መካከል እየሳበ እንደ መታጠቂያ ያስተሳስረዋል። ጠፍሩ ሲላላ አግዳሚው ይወዛወዛል፤ አግዳሚው ሲወዛወዝ እግሩ ሸክሙን ቀጥ ብሎ መቀበሉን ትቶ በጐን ይቀበላል። እግር ደግሞ በጐን ለመሸከም አልተፈጠረም። ስብራቱን እዪው፤ ግማሹ ጠቍሯል፤ ይህ ከብዙ ጊዜ በፊት የተሰነጠቀ ነው። ነጭ የሆነው ብቻ ነው በዚያ ቀን የተሰበረው። እግሩን የሰበረው የተቀመጠው ሰው አይደለም፤ ማንም ቢቀመጥበት ይወድቅ ነበር።»

ልጂቱ በዚያው ማታ ለወንድሟ ስልክ ደውላ ይህን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ወንድሟ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻም፥ «የቆዳውን ዋጋ ስንት አሉሽ?» ብሎ ጠየቀ።

ሥራው ዐሥራ አምስት ቀን ፈጀ። አስቀድመው ሽማግሌው ምስማሮቹን አንድ በአንድ፥ እንጨቱን ሳይጐዱ አወጡ፤ የደረቀውንም ቪናቪል በመሮ ፍቀው አስወገዱ። የተሰበረውን እግር ግን አልጣሉትም። የተበላሸውን ጫፍ ብቻ በሰያፍ ቈርጠው፥ በዚያው መጠን የተጠረበ ደረቅ ዋንዛ ገጠሙበት፤ ሰያፉ በረዘመ መጠን ሁለቱ እንጨቶች የሚነካኩበት ስፍራ ይሰፋልና መያዣው ይጠነክራል። የተሰነጠቀውንም አግዳሚ በንጹሑ ላይ ሙጫ ቀብተው በሞርሳ አጥብቀው አሳደሩት። እግሩ ከአግዳሚው በሚገናኝበት ስፍራ ግን ሙጫ አላደረጉም፤ ከወይራ በተጠረበ ችንካር ብቻ አሰሩት። ምክንያታቸውን በተጠየቁ ጊዜ፥ «ከእኔ በኋላ የሚጠግነው ሰው ችንካሩን መትቶ እንዲያወጣው ነው፤ በሙጫ ብዘጋበት ወንበሩን ለመፍታት ሊሰብረው ነው» ብለው መለሱ።

ልጂቱ አንድ ፍርሃት ነበረባት። አዲስ እንጨት ከገባ፥ አዲስ ቆዳም ከተጠለፈ፥ ይህ የአባቷ ወንበር ነው ሊባል ይችላልን? ሽማግሌው ግን ወንበሩን ገልብጠው የኋለኛውን ቀኝ እግር አሳዩአት። ሦስቱ እግሮች ዋንዛ ናቸው፤ ያ ግን ዝግባ ነበር፤ ችንካሩም የሌላ ሰው እጅ ነው። እናቲቱም ይህን በሰሙ ጊዜ ፈገግ ብለው፥ «እርሱንማ እኔ ዐውቀዋለሁ፤ መሪጌታ ወንበሩን ከመምህራቸው ሲቀበሉት እግሩ የጐደለ ነበር፤ በተጋባን ዓመት እርሳቸው አስገቡት» አሉ። ስለዚህ ልጂቱ የአባቴ ነው የምትለው ወንበር ለአባቷም የተሰበረ ርስት ኖሯል፤ የእርሳቸው የሆነውም በመቀበላቸው ብቻ ሳይሆን በመጠገናቸው ነው።

ይህ ነገር ለመጻሕፍት ሰዎች እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ገበታው ለሁለት በተሰነጠቀ ጊዜ አባቶች አልጣሉትም፤ ግራና ቀኙን በስተው በጠፍር ወይም በክር ሰፉት። ብራናው ሲፋቅ የተቀደደውንም ሰፉት፤ ቀዳዳው የማይሞላ በሆነ ጊዜ ጸሓፊው ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ አድርጎ ጻፈ። ስፌቱን የሚሸሽግ ማንም የለም፤ አንባቢውም ስፌቱን ሲያይ መጽሐፉን አይንቅም፤ ይልቁንም ከእርሱ በፊት የተጨነቀለት ሰው መኖሩን ያውቃል።

በመጨረሻ የቀረው ጠፍሩ ነበር። ለዚህ የሚሆነው ያልተለፋ ጥሬ ቆዳ ነው፤ የለፋ ቆዳ ይለሰልሳል እንጂ እንደ ጥሬው አይኰማተርም። ሽማግሌው ቆዳውን ከዳር ጀምረው ወደ መካከል እየዞሩ በመቍረጥ ከአንዱ ቆዳ ረዥም ጠፍር አወጡ፤ ሌሊቱን በውሃ ነክረው አሳደሩት፤ እርጥብ እንዳለም ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ጠለፉት። ከዚያም በጥላ እንዲደርቅ ተዉት፤ ፀሐይ ላይ ቢያኖሩት በቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃልና። ቆዳው ሲደርቅ ራሱን ሰበሰበ፤ አራቱንም አግዳሚ ጨብጦ ያዘ፤ በጣት ሲመቱትም እንደ ከበሮ ድምፅ ሰጠ።

ወንበሩ ወደ ቤት በገባበት ሳምንት የበኵሩ ልጅ መጣ። እናቲቱ አስቀድመው ራሳቸው ተቀመጡበት፤ እጃቸውንም በጐደጐደው ስፍራ ላይ አሳረፉ። ጥቂት ቆይተው ያለ ረዳት ተነሡና፥ «ና፥ አንተ ደግሞ ተቀመጥ» አሉት።

«እማሆይ፥ ይቅርብኝ፤ እርስዎ ይቀመጡበት» አለ።

«ወንበር ሰው አይመርጥም፤ ሰው ነው ወንበሩን የሚተወው» አሉት።

ተቀመጠ። ጠፍሩ ጥቂት ሲጥ አለ፥ ያዘውም። ከዚያ ወዲህ መስቀል ባለፈ ቍጥር ጠፍሩን ለመወጠር ከአዲስ አበባ የሚመጣው እርሱ ነው። ቅኔ አይቆጥርበትም፤ ወንበርም አልዘረጋም፤ ነገር ግን ዓመት እስከ ዓመት የማይቋረጥ አንድ ሥራ ከአባቱ ተቀብሏል። የገባው አዲስ ዋንዛ ከአሮጌው ይልቅ ነጣ ያለ ስለ ሆነ ስፌቱ ከሩቅ ይታያል፤ በእጅና በጢስ ብዛት ወደ ፊት ይጠቍር ይሆናል።

በቅኔ ቤት ኅብር የሚባል አለ፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲያስተናግድ ነው። ነበረ የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ነው፤ በግእዝ ተቀመጠ ሲሆን በአማርኛ ያለፈ ነገር መናገሪያ ነው። ተሰብሮ ከጓዳ የተጣለ ወንበር ስለ ባለቤቱ የሚናገረው በአማርኛው ብቻ ነው፤ ነበረ ይላል፥ አለፈ ማለቱ ነው። የተጠገነው ግን ያንኑ ቃል በግእዝ ይመልሰዋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ጓዳ የወደቀ የአባትህ ዕቃ ቢኖር፥ ማን ሰበረው ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ጠፍሩን ዳስሰው።