ከምንጣፉ በታች

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ወደ ምዕራብ ጎጃም በሐሳብ ተከተለኝ። በሐሳብ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምነግርህ ጉዞ የተደረገው በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን አገሩ በግጭት ስለ ታመሰ እንደዚያን ጊዜ እንደ ልብ መመላለስ ቀርቷል። በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ የዓባይን በረሃ ትወርዳለህ፤ ዳገቱን ወጥተህ ደጀን ላይ ትንፋሽህን ትሰበስባለህ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝህ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳህን ትበላለህ፤ ከዚያም ደምበጫንና ጅጋን አልፈህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍኖተ ሰላም ትገባለህ። የከተማይቱ ስም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው።

የሄድሁት ለሠርግ ነበር። የአጎቴ ልጅ ልታገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ሙሽራውም ቡሬ ከተማ የሚሠራ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ቢኖር አንዲት አሮጌ የቮልስዋገን ሚኒባስ ናት። ግንባሯ ለሁለት የተከፈለ መስተዋት፥ ሞተርዋ ከኋላ፥ ቀለሟ ከላይ ነጭ ከታች ሰማያዊ ነው። ሙሽራይቱን በእርስዋ ለመሸኘት ቆርጠው ነበር።

ስለዚህች መኪና ዘር ጥቂት ልንገርህ። የመጀመሪያው ንድፍ በ1939 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947) ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ መኪና ነጋዴ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጫረው ሥዕል ነው። ፋብሪካው በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ በ1942 ዓ.ም. መሥራት ጀመረ፤ ግንባሯ የተከፈለው ዓይነት እስከ 1959 ዓ.ም. በዚያው አገር ተሠራ። ተከታይ ዘሮችዋ በብራዚል እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ ሲሠሩ ቆይተዋል። ሞተርዋ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም።

በደረስሁ በማግሥቱ መኪናይቱን ለማጠብ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ጎማ አነሣሁት። ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆርጥሞ ተነሣ፤ በቀዳዳውም የግቢውን ሣር አየሁት። በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን መታ መታ አደረግሁ። ደኅናው ብረት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን እንደ እርጥብ ካርቶን ድምፁ የታፈነ ነው። አጎቴ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና «ቆርቆሮ ደርበን በምስማር እንምታው፤ ሠርጉ ያልፋል» አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ፍርድ አትፍረድባቸው። በእጃቸው ያለው ገንዘብ የድግስ ገንዘብ ነበር። ደግሞም እኛ አገር መኪና ሲያረጅ የሚጣል ዕቃ አይደለም። በኋላማ ነገሩ ይብሱን ከበደ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን አድኖ መያዝ ግድ ነው። ጥያቄው እንዴት ይዳን የሚለው ነው።

ሙያተኛ ለመጠየቅ ወደ ቡሬ ሄድን። በመንገድ ላይ ማንኩሳን ታገኛለህ፤ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበብህ እንደ ሆነ የበዛብህ አገር ናትና ዝም ብለህ አታልፋትም። በግራና በቀኝ የበቆሎ አገዳ ቆሞ ይታያል፤ በየደጁም በርበሬ ለፀሐይ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። ቡሬ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር፥ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት በሚመራው ጦር ተጨንቆ ከዚህች ከተማ ምሽጉን ለቅቆ ወጥቷል። ጦሩ ወጣ፤ የጋራዥ ቋንቋው ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ። ላሜራ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የመኪና አካል የሚያቃናውን ሙያተኛም ባትላሜራ የምንለው ከዚያው ነው።

ያገኘነው ባትላሜራ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ ነው። አብሮን ፍኖተ ሰላም መጣና ከመኪናይቱ ሥር ተጋድሞ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁን በወለሉ ቀዳዳ አሳልፎ «ጋሼ፥ ሚዜዎቹ የሚቀመጡት እዚህ አይደለም?» አላቸው። አጎቴ ዝም አሉ። «እኔ ላዩን ደርቤ ልሸፍነው እችላለሁ፤ ከሥሩ ግን መበስበሱን አይተውም። ልጆቹን እዚህ ላይ ለማስቀመጥ እርስዎ ይደፍራሉ?»

ነገሩን እንዲህ ተረዳው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት፥ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። በሁለት ላሜራ መካከል የገባ እርጥበት ፀሐይ አያገኘውም፤ ዝገቱም ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ መጋጠሚያውን እየፈለቀቀ ይሄዳል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ደግሞ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሰውን አይሸከምም። በላዩ የተለበጠው ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ጢስም ሳንባ ይጎዳል፥ እንደ ንዳድ ያንቀጠቅጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ በጭነት መኪና ወለሉ በሻንሲ ላይ የተጫነ ነው፤ በዚህች ሚኒባስ ግን ወለሉ፥ የጎን ግድግዳውና ከሥር ያሉት ተሸካሚ ብረቶች እርስ በርስ ተበይደው አንድ አካል ናቸው። ወለሉ ከደከመ መኪናይቱ በሙሉ ደከመች ማለት ነው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ አጎቴ። «ለሠርጉ አይደርስም» አለ። አጎቴ ወደ ቤት ገቡና ከልጃቸው ጋር ተነጋግረው ተመለሱ። «ቁረጠው» አሉት።

ሥራው እንዴት እንደ ሄደ ልንገርህ፤ አንድ ቀን የአባትህ መኪና ወይም የመሥሪያ ቤትህ አሮጌ ላንድሮቨር ይህ ዕጣ ይገጥመው ይሆናል። አስቀድሞ ባትሪው ተነቀለ፤ የቤንዚን ታንኩም ወጥቶ ከግቢው ራቅ ተደርጎ ተቀመጠ፤ ውሃና አሸዋ በባልዲ ቀረበ። መኪናይቱ በክሪክ ብቻ አልተተወችም፤ ከዋንዛው ጥላ ሥር በወፋፍራም ግንዶች ላይ ልክዋ ተጠብቆ ተቀመጠች። ከዚያ በበሮቹ ክፍተት ውስጥ የብረት ቧንቧ አግድም ተበየደ። ይህን የዘለለ ሰው ወለሉን ሲቆርጥ አካሉ ይጎብጥበታል፤ በኋላም በሩ አይዘጋለትም። ባትላሜራው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሲባጎ እየለካ ቋጠሮ ቋጠረ፤ በየማታውም ያን ሲባጎ መልሶ ይዘረጋው ነበር።

ሁሉን በአንድ ጊዜ አልቆረጠም። አንዱን ወገን ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የተሻገረ። ዝገቱ ባለቀበት አላቆመም፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ገፋ። ከካርቶን ልክ ቆርጦ፥ በዚያ ልክ አንድ ሚሊሜትር ከጥቂት የሚሆን አዲስ ላሜራ አወጣ። የፋብሪካው ወለል ጎድን ጎድን ያለው ለጌጥ አይደለም፤ ሜዳ ላሜራ ይረግባልና ነው። እርሱም ያንን ጎድን በወይራ ግንድ ላይ በመዶሻ እየቀጠቀጠ አወጣው።

የብየዳው ቀን የሆነውን አልረሳውም። እሳቱ አሮጌውን መጋጠሚያ ሲነካ ከስፌቱ ውስጥ ጢስ ወጣ፤ ባትላሜራው እያስነጠሰ ሸሸ፤ እኛም እያሳልን ከግቢው ወጣን። ለካ ለሃያ ዓመታት መኪናይቱ ወደ ገበያ ያመላለሰችው በርበሬ ዱቄቱ በየስፌቱ ተቀብሮ ኖሯል! ከሥሩም ጨውና የደረቀ ጭቃ ተፍቆ ወጣ። የዝገቱ ምክንያት ያን ጊዜ ተገለጠልን። ጎጃም ከባሕር የራቀ አገር ነው፤ ብረቱን የበላው ግን በጆንያ የተጫነው ጨውና ከክረምት ጭቃ ጋር ተደፍኖ የቀረው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ነው።

ባትላሜራው ብየዳውን በአንድ መሥመር አልሳበውም። አንድ ነጥብ እዚህ፥ አንድ ነጥብ እዚያ እያደረገ፥ ብረቱ ሲቀዘቅዝ በመካከሉ ይሞላል፤ ቀጭን ላሜራ በአንድ ወገን ከጋለ ይጣመማልና። በመጨረሻ ሁሉን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ከላይም ከሥርም ፀረ ዝገት ቀለም ቀባው፤ ስፌቶቹን በማሸጊያ ደፈነ፤ ክፍት ሆነው የቀሩትን የብረት ሆዶች በግራሶ አጠገባቸው፤ የውሃ መውረጃዎቹን ግን ከፍቶ ተዋቸው። ቧንቧዎቹ ተቆርጠው ሲወጡ አጎቴ በሩን ዘጉት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ብሎ ገጠመ። ምንም አልተናገሩም፤ ከፍተው ደግመው ዘጉት።

ሠርጉ አልፎ ነበር። ሙሽራይቱ የተሸኘችው በኪራይ መኪና ነው፤ አጎቴም በዚያ ቀን እንግዳ ሲቀበሉ ዓይናቸው ወደ ዋንዛው ጥላ ይሄድ ነበር። ነገር ግን በየካቲት አጋማሽ ሙሽሮቹ ጎጆ ለመውጣት ዕቃቸውን ይዘው ወደ ቡሬ ሲጓዙ የጫነቻቸው ያችው ሚኒባስ ናት። አልጋው፥ ሳጥኑ፥ ምጣዱ፥ ሦስት አክስቶችና አንድ ዶሮ ተጭነው ማንኩሳን ስናልፍ ወለሉ ትንፍሽ አላለም።

አንባቢ ሆይ፥ ምክሬ አጭር ነው። አሮጌ መኪና ካለህ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ምንጣፉን አንሥተህ እይ፤ ቀዳዳዎቹን በስንጥር ጥረግ፤ እርጥብ ጆንያ አታሳድርባት፤ ለሚያምረው ቀለም ገንዘብ ሳታወጣ በፊት ወለሉን በመዶሻ እጀታ አንኳኳው። ሙያተኛ ደርቤ ልሸፍንልህ ካለህ ሌላ ሙያተኛ ፈልግ።

እነሆ አሁን መኪናይቱ ብዙ ጊዜ የምትውለው ከግቢ ሳትወጣ ነው። መንገዱ አያመችም። አጎቴ ስልክ በተገናኘ ቁጥር ስለ ልጆቹ ደኅንነት ይነግሩኝና በመጨረሻ እኔ ሳልጠይቃቸው «ዛሬም ምንጣፉን አንሥቼ አይቻለሁ፤ ወለሉ ደረቅ ነው» ይሉኛል።