ባዶ ብረት አያድርም

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓለም ከተማ

የእናቴ ቤት ምርጊት ደርቋል። የቀረው የብረቱ ሥራ ነው፦ አሮጌው የግቢ በር፣ የመስኮቶቹ ፍርግርግ፣ አዲስ የተበየደው የማድቤት በር። እናቴ ለጥምቀት እንዲደርስላት ትፈልጋለች።

ጥር 3

ከግቢው በር ጀመርን። የተነሣውን ቀለምና ዝገት በብረት ብሩሽ፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ልጆቹን ወደ ጎረቤት ላክናቸው። እናቴ ሙሉውን በር ዛሬውኑ ፍቀን እንድንጨርስ ብትፈልግም አልተስማማሁም። ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ተፍቆ ያደረ ብረት ጤዛ ጠጥቶ ጠዋት ቀልቶ ይገኛል። ስለዚህ እስኪመሽ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ መነሻ ቅብ) ልንቀባው የምንችለውን ያህል ብቻ ፋቅን።

ጥር 4

የማድቤቱ በር አዲስ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ከፋብሪካ የመጣበት ዘይት አለው፤ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ደጋግመን ጠረግነው። ብየዳው ላይ የቀረውን ጥቁር ቅርፊት ደግሞ በመዶሻ ጫፍ አረገፍን። ብዙ በያጆች ይህን ቅርፊት ቀለም አልብሰው ያስረክባሉ። ቅርፊቱ ሲረግፍ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል፣ ዝገቱም ከዚያው ይነሣል። አንቲረስቱን የቀባነው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ብረቱ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ነው።

ጥር 7

እናቴ አረንጓዴ መረጠች። አንቲረስቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገን አሽተን፣ አቧራውን ጠርገን፣ ሲንተቲክ ቀለሙን ስስ አድርገን ቀባን፤ ነገ እንደግመዋለን። ወፍራም ቅብ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይሸበሸባል።

«ከእንግዲህማ አይዝግም አይደል ልጄ?» አለችኝ። በ1889 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የፓሪሱ የኤፍል ግንብ እንኳ በየ7 ዓመቱ ገደማ እንደሚቀባ፣ በአንድ ዙርም 60 ቶን ያህል ቀለም እንደሚፈጅ ነገርኳት። «ታዲያ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እያየህ የተላጠውን ትቀባለህ» አለች። ልክ ናት።

ጥር 9

አዲሱን የቆርቆሮ አሸንዳ ሳንቀባ ተውነው። ላዩ ዚንክ ስለሆነ ከቀለሙ ዘይት ጋር ይዋሐድና ቅቡ በጊዜው ይላጣል። ለዚንክ የሚሆን መነሻ ቅብ እስኪገኝ እንዲሁ ይቆይ።

በር የምታሠሩ ሰዎች፣ በያጁ ቀለም ሳይቀባው ድረሱና ብረቱን ባዶውን እዩት፤ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ዘይቱ ተጠርጎ ስታገኙት ብቻ አንቲረስቱን አስቀቡ።