ጥንዚዛውና የሐርዳንገርቪዳ አፈር

ከኦስሎ ወደ በርገን የሚሄደው ባቡር ፊንሴ ላይ ሲያወርደኝ ገና ከደረጃው ሳልወርድ ልቤ ሄደ። ጣቢያው ከባሕር ወለል በላይ 1,222 ሜትር ላይ ነው፤ በኖርዌይ ከዚህ ከፍ ያለ ጣቢያ የለም። በእኛ አገር ልኬት ቆላ መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን በሐምሌም በረዶ አለ። ዛፍ የሚባል አይታይም። ድንጋይ፣ የድንጋይ ሽበት፣ ውኃ፣ ማዶ ደግሞ የሐርዳንገርዮኩለን ግግር በረዶ። ወደ ደቡብ የዱር አጋዘን መንጋ የሚሰማራበት ሰፊው የሐርዳንገርቪዳ አምባ ይቀጥላል።

እኔን ያመጣኝ ግን አፈሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሃንስ ፒተር ፍሬይ የተባለ የስዊዘርላንዱ የሳንዶዝ ኩባንያ ሠራተኛ ለእረፍት መጥቶ ከዚህ አምባ አፈር ዘግኖ ሄደ። ኩባንያው አዲስ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ሠራተኞቹ ከሄዱበት ሁሉ አፈር እንዲያመጡለት ይፈልግ ነበር። እረፍት ላይ ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ አፈር የሚቆፍር ሰው! በኩባንያው ከተማ በባዝል ከዚያ አፈር ቶሊፖክላዲየም ኢንፍላተም የሚባል ፈንገስ በቀለ፤ ከፈንገሱም ሳይክሎስፖሪን ተገኘ።

በአንቲባዮቲክነቱ ብዙም አልረባም። በ1972 ግን የኩባንያው ተመራማሪዎች እነ ቦረልና ሽቴሄሊን ሌላ ጠባዩን ደረሱበት፤ የሰውነትን መከላከያ ያበርዳል። ከእሱ በፊት ከነበሩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚባዛውን ሴል ሁሉ ሳይለዩ ይገድሉ ነበር። ይህኛው ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚህም ቲ ሴሎች ለዘመቻ የሚጠራሩበት ኢንተርሉኪን 2 ሳይመረት ይቀራል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከፈንገስ ማን ይጠብቃል? በ1978 የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሮይ ካልን ካምብሪጅ ላይ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሕሙማን ሰጠው፤ በ1983 አሜሪካ ፈቀደችው። ኋላም ለሶሪያሲስ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ በጠብታ መልክም ብግነት ላደረቀው ዓይን ዋለ። ክፋቱ፣ የተተከለውን ኩላሊት የሚጠብቀው ይኸው መድኃኒት ሲበዛ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቶሊፖክላዲየም ተራ የአፈር ፈንገስ ሲባል ኖረ። በ1996 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይኸው ፈንገስ ሌላ መልክ እንዳለው አሳዩ፦ በጥንዚዛ እጭ ላይ የሚበቅል፣ ጥገኛ ገዳይ። በ2013 የጂኖች ካርታው ሲወጣ ደግሞ ፈንገሱ የነፍሳት ደም በተጨመረበት ምግብ ላይ ሲያድግ የሳይክሎስፖሪን ጂኖቹ እንደሚነቁ ታየ። የእኛን ብግነት የሚያበርደው ነገር ምናልባት መጀመሪያ የተሠራው የእጭን መከላከያ ለማብረድ ይሆናል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንዴት ቀና ብዬ ልሂድ? በፊንሴ ዙሪያ ድንጋይ እየገለበጥኩ፣ መልሼም እንደነበረ እያስቀመጥኩ፣ ጥንዚዛ ስፈልግ ዋልኩ። በብስክሌት የሚያልፉ አንድ ባልና ሚስት ምን እንደጠፋብኝ ጠየቁኝ። የታመመ እጭ አልኳቸው። ሰውየው ብስክሌቱን አጋድሞ አብሮኝ መፈለግ ጀመረ።