የእናቴ ጠላ ዋጋ ስንት ነው?

እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ጠላ መሸጥ ከጀመረች 31 ዓመት አለፋት። እኔን ጨምሮ አራት ልጅ ያሳደገችው በዚያው ጠላ ነው። እኔ ደግሞ ቤይሩት ከመጣሁ 11 ዓመቴ፤ ዘንድሮ የእቁቤ ተራ ሲደርስ ገንዘቡን ምን ላይ ላውለው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ታናሽ እህቴ «ጠላ ቤቱን እናሳድገው» ትላለች። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ በበኩላቸው «በዚህ ሁሉ ቢራ መሃል ማን ጠላ ይጠጣል? ብርሽን ውኃ አታስበይው» ይሉኛል። ሁለቱንም ወገን ስሰማ ከረምኩና፣ እስቲ ነገሩን ወረቀት ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። (ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ እህቶች፣ እዚያ መጥመቅ ወንጀል ነውና ይህን ጽሑፍ ለሙያ ብላችሁ እንዳታነቡብኝ፤ የማወራው ስለ አገር ቤት ነው።)

ጓደኞቼ ገበያው ተጨናንቋል ማለታቸው ውሸት አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ አለ፤ አያቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ እሱም ሲጠመቅ ነው የኖረው። ለብዙ ዘመን የምናውቀው ጊዮርጊስን፣ ሜታን፣ ሐረርንና በደሌን፣ በኋላም ዳሸንን ነበር፤ በቃ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን በደሌንና ሐረርን ገዛ፤ ቂሊንጦ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ተክሎም ዋልያን አመጣ። ሜታን እ.ኤ.አ. በ2012 ዲያጆ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ማይጨው ላይ ራያ፣ ጉራጌ ላይ ዘቢዳር ተከፈቱ። ወደ እኛም ከተማ መጡ። ሐበሻ ቢራ ከብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ ሰብስቦ፣ ከሆላንዶች ጋር ተሻርኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ጀመረ። ዳሸንም ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚያው አቆመ። ቆይቶ ደግሞ የብቅል ፋብሪካ ተጨመረ። እስቲ አስቡት፤ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በሯ ላይ የተከለች አንዲት ሴት፣ በሁለት ቢራ ፋብሪካና በአንድ ብቅል ፋብሪካ መሃል!

የሚገርመው ግን ግፊያው ትንሹን ብቻ አልጎዳም። ዲያጆ ያን ሁሉ ዶላር አፍስሶ 10 ዓመት ከሠራ በኋላ ሜታን ለጊዮርጊስ ባለቤት ለቢጂአይ ሸጦ ከአገር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለከል ፋብሪካዎቹ ተንጫጩ፤ እናቴ ግን ወሬውንም የሰማችው ከወር በኋላ ነው። የእሷ ማስታወቂያ ያው ጣሳው ነዋ።

እንግዲህ የእናቴ ጠላ ቤት እስካሁን ያልተዘጋው ለምንድነው? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከውጭ የምታስመጣው ነገር የለም። ፋብሪካ መራራነት የሚያመጣለትን ሆፕስ ከባሕር ማዶ በዶላር ይገዛል፤ የማሽኑም መለዋወጫ እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሲሄድ፣ የእናቴ ጌሾ ከጓሮና ከገበያ እንጂ ከጀርመን አይመጣም ነበር። እርግጥ ገብሱም ተወድዷል። ፋብሪካው የሚፈልገው የቢራ ገብስ የእናቴ አይደለም፣ ዘሩ ይለያል፤ መሬቱ ግን አንድ ነው። ገበሬው የተሻለ ወደሚከፍለው ዘር ሲዞር የጠላው ገብስ ያንሳል።

ሌላው ምክንያት ትኩስነቱ ነው። ጠላ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ጋን ውስጥም፣ ጣሳ ውስጥም መፍላቱን አያቆምም። ጥቂት ቀን ካለፈው ይኮመጥጣል። ሳምንት የማይቆይ ነገር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጠምቆ ደብረ ብርሃን ድረስ በመኪና የሚያከፋፍል የለም። ጎረቤት ብቻ ነው ጎረቤቱን የሚያጠጣው።

ይህን ሁሉ ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እና ይኸው፣ ይኖራል ማለት ነዋ» አሉኝ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እዚህ የምሠራበት ቤት የማዳሜ ልጅ ቢራ ይወዳል። ሊባኖስ ውስጥ ትልቁ አልማዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ያለ፣ አሁን በሄኒከን እጅ ያለ። አዎ፣ ያው ዋልያን የሚጠምቀው ሄኒከን፤ አገር ጥለን ብንመጣም አልተላቀቅንም። ልጁ ግን አልማዛ አይገዛም። ባትሩን ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተች ኮሎኔል የምትባል ትንሽ ጠማቂ ቤት አለች፤ ከእሷ ነው የሚያመጣው። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ፣ ስሙን ከሊባኖስ የስልክ ኮድ የወሰደ 961 የሚባል ነበረ። ልጁ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ እንዳስቀምጥለት ሲሰጠኝ ማን እንደጠመቀው፣ ምን እንደገባበት ይነግረኛል። ዋጋው ከአልማዛ ይበልጣል፤ ይከፍላልም። «በትንሹ ስለሚሠሩት ነው» ይላል።

በትንሹ ስለሚሠራ ይወደዳል! እኔ ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። የእሷም ጠላ በትንሹ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጋን፣ አንድ ሴት፣ ሁለት እጅ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በትንሹ የሚሠራው ነው የሚረክሰው። ያ ሁሉ የፋብሪካ ማሽን የሚያወጣው ቢራ ውድ፣ የእናቴ ወገብ የሚያወጣው ጠላ ርካሽ። ለምን?

የሊባኖሶቹ ነገር እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ብቅሉም ሆፕሱም ከውጭ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. ከ2019 በኋላ ሊራው በዶላር ከ1,500 ወደ 89,500 ሲወርድ እኛ ደሞዝተኞች ያየነውን ፍዳ እነሱም በሌላ መልኩ አይተውታል። ግን ሲያሰሉ የሠራተኛ ደሞዝ ብለው ይጽፋሉ። እናቴ አትጽፍም።

ለእህቴ በኢሞ ደወልኩና «እማዬ አንድ ጋን ስትጠምቅ፣ የትኛው ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀ በስልክሽ እየያዝሽ ደብተር ላይ ጻፊልኝ» አልኳት። «እትዬ ደሞ ምን አመጣሽ» ብላ ሳቀች፤ ግን ጻፈች። ገብስ መልቀም 3 ሰዓት። አሻሮውን እስኪጠቁር መቁላት 4 ሰዓት፤ በኩበት ጭስ ማለት ነው፣ የእናቴን ዓይን የበላው እሱ ነው። ጌሾ መውቀጥ 2 ሰዓት ተኩል። ቂጣውን አቡክቶ መጋገርና መፈተት 3 ሰዓት ተኩል። እንኩሮውን ማንኮር 2 ሰዓት። ውኃ መቅዳት፣ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጎ ማጠብ፣ በወይራ ማጠን 3 ሰዓት። ማጥለል 2 ሰዓት። ሲደመር 20 ሰዓት። ጥንስሱንና ድፍድፉን ሌሊት እየተነሱ ማየት አልተቆጠረም፤ ከተማችን ብርድ ስለሆነ ጠላው ቶሎ አይፈላም፣ እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ የሚደረብለት ጊዜ አለ። መቅዳቱ፣ ሰካራም መሸኘቱ፣ ጣሳ ማጠቡም አልገባም።

20 ሰዓት ማለት አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ሁለት ቀን ተኩል ነው። ከጋኑ ሽያጭ ላይ የገብሱን፣ የጌሾውን፣ የኩበቱንና የወፍጮውን ቀነስን። አተላውን ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ስለሚገዙን እሱንም ደመርን፤ በነገራችን ላይ አተላው ባይኖር ኖሮ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። የቀረው ገንዘብ አንዲት የቀን ሠራተኛ ሴት ግንባታ ላይ ድንጋይ ተሸክማ በሁለት ቀን ተኩል የምታገኘውን አያህልም። የቤት ኪራይ ሳይታሰብ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ? «የኔ ልጅ፣ እኔን ደሞ ማን ይከፍለኛል? የገዛ ቤቴ አይደል እንዴ?»

«ቤተሰብ ነሽ እኮ» ተብላ እስከ እኩለ ሌሊት ለእንግዳ ቡና ያፈላች እህት ይህ አነጋገር ከየት ሰፈር እንደሆነ ታውቀዋለች። እኛ እዚህ በዓመት ስንት ጊዜ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ እረፍት ቀን እንሰበሰባለን፤ የእናቶቻችንን ሰዓት ግን የቆጠረ የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ጠላ ቤት አይከስርም ይባላል። የማይከስረው ኪሳራው ስለማይጻፍ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ «ጠላ በቢራ ይጠፋል» ሲሉ አልስማማም። ቢራ ጠላን አይገድለውም፤ ዋጋው ሲወደድ እንዲያውም ሰው ወደ ጠላ ይመልሳል። ጠላ ቤትን የሚዘጋው ሌላ ነገር ነው፤ እናትየው ስትደክም የሚተካት አለመኖሩ። ደሞዝ የሌለው ሥራ ላይ ማን ይተካል? የሰፈራችን ጠላ ሻጮች ልጆች ዱባይ ናቸው፣ ሪያድ ናቸው፣ እኔም እዚህ ነኝ።

«ታዲያ ዋጋ ጨምሩ» ትሉ ይሆናል። እናቴ እዚህ ላይ የምትለው ነገር አላት፤ የእሷን ያህል ገበያውን የሚያውቅ የለም። ደንበኞቿ የቀን ሠራተኞች፣ ጋሪ ነጂዎች፣ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። ጣሳው ላይ ጥቂት ብር ሲጨመር ወደ ቢራ አይሄዱም፤ ወደ አረቄ ነው የሚሄዱት። ደብረ ብርሃን የአረቄ አገር መሆኗን ታውቃላችሁ፤ በአንድ መለኪያ የሚያዞር ነገር እያለ ለሦስት ጣሳ ጠላ ማን ይከፍላል? የጠላ ትክክለኛ ተፎካካሪ አረቄ ነው እንጂ ቢራ አይደለም። ይህን ሳትነግረኝ በፊት አስቤው አላውቅም።

ጠላን በጠርሙስ አሽጎ መሸጥም በወሬ ደረጃ ይነሳል። እህቴም ጠይቃኝ ነበር። እኔ አይመስለኝም። የሚፈላ ነገር አሽገህ ስታስቀምጠው ወይ ክዳኑን ያስፈነጥራል፣ ወይ ጠርሙሱን ይሰብራል፤ እንዳይፈላ አሙቀህ ስትገድለው ደግሞ ጠላነቱ ይቀራል። ለዚያ የሚሆን ማሽን ከመግዛትማ የቢራ አክሲዮን መግዛት ይሻላል። ከፋብሪካ ጋር በጠርሙስ መፎካከር እሱ በሚያውቀው ሜዳ ላይ መግጠም ነው።

እኛ የተስማማነው በሌላ ነገር ነው። የጣሳው ጠላ ለደንበኞቹ ባለበት ዋጋ ይቀጥላል፤ ለኪሱ ለሳሳ ደግሞ ቅራሪ አለ። ትርፉ የሚፈለገው ከትዕዛዝ ነው። ሰርግ፣ ተዝካር፣ ማኅበር፣ ዝክር። ሰርግ ላይ ቢራ በሳጥን ቢደረደርም ጠላ የሌለበት ድግስ እኛ አገር ድግስ አይባልም፤ ሽማግሌዎቹ ያዝናሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የገባች ሴት ጋን የምታጥንበት ቦታ የላትም፤ ገዝታ ነው የምትደግሰው። ለትዕዛዙ ጠላ ደሞዝ የገባበት ዋጋ እንጠይቃለን ብለናል። እናቴ አፍራ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» አለች። ዋጋውን የምትናገረው እህቴ እንድትሆን ተስማማን።

የእቁቡ ገንዘብ ጭስ ማውጫ ላለው ምድጃ፣ ለውኃ ሮቶና ለቆርቆሮ ጣሪያ ወጣ። ጌሾው መወቀጡ ቀርቶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ጋኑን በፕላስቲክ በርሚል እንቀይር ስንል ግን እናቴ እሺ አላለችም፤ «ፕላስቲክ አይታጠንም» አለች፤ እሷ ልክ ናት። ከሁሉም የከበደው ሠራተኛ መቅጠሩ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ፣ 22 ዓመቷ፣ ለአረብ አገር ፓስፖርት አውጥታ ደላላ ታናግር ነበር። እህቴ አነጋገራትና ለስድስት ወር ልሞክረው አለች። ለእህቴ ያልኳት አንድ ነገር ነው፤ የልጅቷ ደሞዝ ከሽያጩ መውጣት አለበት። እኔ ከቤይሩት በምልከው ብር ከተከፈላት ጠላ ቤቱ ሳይሆን እኔ ነኝ የምጠምቀው።

የመጀመሪያው ወር ሁዳዴ ነበረ፤ ድግስ የለም። ከደሞዟ ሁለት ሦስተኛው ከሽያጭ ተከፈለ፣ ቀሪውን እኔ ላክሁ። በሁለተኛው ወር ሁለት ማኅበርተኞች አዘዙ፤ ጉድለቱ ወደ ሩብ ወረደ። እናቴ አሁን አሻሮ አትቆላም፤ ቁጭ ብላ «ጠቆረ፣ አልጠቆረም» እያለች ታዛለች፣ ልጅቷም ትነጫነጫለች አሉ። ለግንቦት ሦስት ሰርግ ተይዟል፤ አንደኛዎቹ ዋጋው በዛ ብለው ሄደው ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ቀብድ ከፈሉ። እህቴ ገብሱን ከወዲሁ ገዝታ አስቀምጣለች።