አምስቱና ስምንቱ

በ52 ዓመቴ የወር አበባዬ ሲቋረጥ፣ ሌሊት ሌሊት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን የሚለበልበኝ ወላፈን እንቅልፍ ነሣኝ። እዚህ ዋሽንግተን ያሉት ሐኪሜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አዘዙልኝ፤ ይኸው ዛሬ 66 ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ጥቅምት «ብናቆመውስ፣ ምን ይመስልዎታል?» አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተካፈሉበት የእነዚህ ሆርሞኖች ሙከራ ከታሰበለት ጊዜ በፊት የተቋረጠው ጉዳቱ ከጥቅሙ አመዝኖ ስለ ተገኘ ነው፤ ይኸውም ከ10,000 ሴቶች መካከል በየዓመቱ 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር ሕሙማን ሲገኙ፣ ዳሌያቸው የሚሰበር ግን በ5 አነሱ። በእኔ ዕድሜ የደም መርጋትም ያሠጋል። (በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ለሚጀምሩት ሚዛኑ ሌላ ነው።)

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ይሁንና እናቴ ደጃፏ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ከአልጋ አልተነሣችም፤ ስለዚህ ከስምንቱ ይልቅ አምስቱ የእርሷን መልክ ይዘው ይመጡብኛል። ለአጥንቴ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ሐኪሜ አስረድተውኛል፤ እንቅልፌን ግን ማን ይመልስልኛል?

ሦስት ሳምንት ሙሉ አመነታሁ። በመጨረሻ መጠኑን ወደ ግማሽ አወረድነው። በአራተኛው ሌሊት ወላፈኑ ተመለሰ፤ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ። የቀረውን እንክብል እስከ ዛሬ ከመሳቢያው አላወጣሁትም።